ኦስኪ እንዴት ነው የሚታረመው?

ደሴም ሆነ ወልድያ ነርሲንግ የሚማር ብዙ ልጅ ኦስኪ ሲባል ይደነግጣል። አብሽሩ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ኦስኪ (OSCE) የተግባር ፈተና ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንዷ ዳንዲ ለሕክምና ተማሪዎች አስተዋወቁት፣ በኋላ ነርሲንግም ወሰደው። በድሮው አፈታተን አንዱ ተማሪ ቀላል ታካሚ፣ ሌላው ከባድ፣ አንዱ ቸር ፈታኝ፣ ሌላው ቆንጣጭ ይደርሰው ነበር፤ ኦስኪ ግን ሁሉም በተመሳሳይ ስቴሽኖች (አንድ አንድ ሥራ በሚሠራባቸው የፈተና ቦታዎች) አልፎ በተመሳሳይ ቼክሊስት (ፈታኙ በሚያርምበት የነጥቦች ዝርዝር) እንዲታረም አደረገ። ደወል ሲደወል ትገባለህ፣ የተባልከውን ትሠራለህ፣ ደግሞ ሲደወል ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ነጥብ አሰጣጡ ነው። ፈታኙ የሚያርመው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። ደም ግፊት ለካ ተባልክ እንበል። ስምህን ትናገራለህ፣ የታካሚውን ስም ትጠይቃለህ፣ ፈቃድ ትወስዳለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ክንዱን በልብ ትክክል ታሳርፋለህ፣ ከዚያ ነው መጠቅለያውን ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገህ የምታስረው። ቁጥሩን በትክክል ብታነብም እነዚህን ከዘለልክ ነጥብ ታጣለህ። ፊትህ ያለው ማኒኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት) ቢሆንም እንደ ሰው አናግረው! ነገ ከገጠር ተጉዘው የሚመጡ እናት ክንዳቸው ለምን እንደሚጠቀለል ሊነገራቸው ይገባል።

ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ስትለማመዱ አንዱ ቼክሊስቱን ይያዝ፣ አንዱ ድምፁን እያወጣ ይሥራ፣ ሰዓትም ያዙ።