የቆዳ ሽፍታ «ሥር የሰደደ» የሚባለው መቼ ነው?

ጉብ ጉብ እያለ የሚያሳክክ ሽፍታ ከ6 ሳምንት በላይ ከተመላለሰ ሐኪሞች «ሥር የሰደደ» ይሉታል። አይድንም ማለት ግን አይደለም፤ የሚታየው የቆይታው ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ጉብታ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ጠዋት ክንድ ላይ የነበረው ማታ ጭን ላይ ይወጣል። ከንፈርና የዓይን ቆብም ሊያብጥ ይችላል።

ብዙዎች «ምን በልቼ ነው?» እያሉ ከምግብ ሲሸሹ ይከርማሉ። ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ምግብ አይደለምና። የቆዳ ውስጥ ሴሎች ናቸው ሂስታሚን የሚባለውን፣ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር የሚለቁት። ለዚህ ነው ሂስታሚንን የሚያግደው እንደ ሴትሪዚን ያለው መድኃኒት ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ እንዲወሰድ የሚታዘዘው። ካልበቃ ሐኪሙ መጠኑን እስከ 4 እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ እባካችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ።

ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!