የብሪስቶሉ ጆርጂያን ቤት

በምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው የወደብ ከተማ በብሪስቶል፣ ከፓርክ ስትሪት ተገንጥሎ ሽቅብ በሚወጣው ግሬት ጆርጅ ስትሪት ላይ ቁጥር 7 የሆነው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። «ጆርጂያን» የሚለው ስያሜ የካውካሰሷን አገር አይመለከትም። ከ1714 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. ተከታትለው የነገሡትን አራት የእንግሊዝ ነገሥታት የሚያመለክት ነው፤ አራቱም ጆርጅ ይባሉ ነበር።

ቤቱ በ1790 ገደማ የተሠራው ለጆን ፒኒ ነው። ንድፉን ያወጣው የከተማዋ አርክቴክት ዊልያም ፔቲ እንደሆነ ይነገራል። ፒኒ በካሪቢያን ባሕር በኔቪስ ደሴት ማውንትራቨርስ የተባለ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። በ1783 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ከጄምስ ቶቢን ጋር በሽርክና የስኳር ንግድ አቋቋመ። ቤቱን ያቆመው ገንዘብ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት ያፈራው ነው።

ሕንፃው ዘመኑ የሚወደውን እርጋታና ልክ የጠበቀ ነው፤ ፊቱ በተጠረበ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ከልክ ያለፈ ጌጥ የለበትም። ዛሬ ለጎብኚ ክፍት የሆኑት 11 ክፍሎች በአራት ወለል ተደርድረዋል። ከመንገዱ ሲገቡ የፒኒ የሥራ ክፍልና የምግብ ክፍሎች ይገኛሉ፤ ደረጃውን ወጥተው የእንግዳ መቀበያ ሳሎኖቹ፣ ከዚያ በላይ መኝታ ቤቱ። ወጥ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ግን ከታች ምድር ቤት ናቸው። እዚያው በድንጋይ የተሠራ ቀዝቃዛ የመነከሪያ ገንዳ አለ፤ ፒኒ ለጤናው ይጠቅመኛል ብሎ ይነከርበት ነበር። ከቤቱ ሁሉ እጅግ ብርቅ የሆነው ይህ ገንዳ ነው።

ፒኒ ሒሳቡንና ደብዳቤውን ጠንቅቆ የሚይዝ ሰው በመሆኑ፣ አብረውት የኖሩትን ሰዎች ስም እናውቃለን። ፔሮ ጆንስን በ1765 ኔቪስ ላይ ሲገዛው ልጁ 12 ዓመት ገደማው ነበር፤ ናንሲና ሺባ የተባሉ እኅቶቹም አብረው ተገዙ። ፔሮ ጌታውን ተከትሎ ብሪስቶል መጣ፣ ከኔቪሱ ዘመን ጋር በጠቅላላው ከ30 ዓመት በላይ አገለገለው፣ ነፃ ሳይወጣም በ1798 ሞተ። የወይዘሮ ፒኒ ደንገጡር የነበረችው ፋኒ ኮከር ግን በ1778 ነፃ ወጥታለች፤ እስከ 1820 ኖራለች።

ባለቅኔዎቹ ዎርድስወርዝና ኮልሪጅ በ1795 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁት በዚህ ቤት ነው የሚሉ አሉ። ብሪስቶል ውስጥ መገናኘታቸው አያጠራጥርም፤ ዎርድስወርዝም የፒኒዎች እንግዳ ሆኖ ነበር። የትኛው ሳሎን ውስጥ እንደተጨባበጡ ግን ቁርጡን መናገር አይቻልም።

ፒኒ በ1818 ሞተ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቤቱ መኖሪያነቱን ቀጠለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በስጦታ ለከተማዋ ተላልፎ ሙዚየም ሆነ።

በ1999 በብሪስቶል ወደብ ላይ ሁለት ግዙፍ የቀንድ ቅርጽ ያሉት የእግረኛ ድልድይ ተከፈተ። ስሙ የፔሮ ድልድይ ይባላል።