ምስር የሚመስለው ጋላክሲ

ሌንቲኩላር ጋላክሲ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ጅማ ገበያ ወጥቶ አንድ እፍኝ ድፍን ምስር ይግዛ፣ ክክ አይሆንም። አንዷን ፍሬ ከላይ ስታያት ክብ ናት፣ በጎን ስታዞራት ደግሞ መሀሏ አበጥ ብሎ ጠርዟ ይሳሳል፣ ጋላክሲውም ልክ እንደዛው ነው። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ሌንስ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው እኮ።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው የደረደረበት ስዕል ባለ ሁለት ጣት መንሽ ይመስላል። እጀታው ላይ ሞላላዎቹ አሉ፣ ጣቶቹ ላይ ክንዳቸው የሚጠማዘዘው (የኛ ፍኖተ ሐሊብ ከነሱ ናት)፣ እጀታውና ጣቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ በ1936 በፈረንጆቹ ኤስ ዜሮ የሚል ምድብ ጨመረ፣ ሌንቲኩላሮቹ ማለት ነው፣ ያኔ ግን መሀል ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖር አለበት ከሚል ግምት ነበር የተነሳው። መሀላቸው ላይ እንደ ዘንግ የተዘረጋ የኮከብ ክምችት ያላቸውም አሉ፣ እነሱ ኤስቢ ዜሮ ይባላሉ።

ዋናው ነገር ምንድነው፣ ሌንቲኩላሩ እንደ ጠምዛዛዎቹ ጠፍጣፋ ዲስክ አለው ግን ክንድ የለውም፣ ጋዙም በጣም ትንሽ ነው። ኮከብ የሚሰራው ከቀዝቃዛ ጋዝ ስለሆነ ጋዝ ከሌለ አዲስ ኮከብ የለም፣ ሰማያዊ ሆነው የሚያበሩት ትላልቅ ኮከቦች ደግሞ እድሜያቸው አጭር ነው ቶሎ ያልቃሉ፣ ስለዚህ የሚቀሩት ያረጁት ናቸው፣ ጋላክሲው ቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላውም ለዚህ ነው። አቧራ ግን አንዳንዱ ጋ አለ፣ ኤንጂሲ 5866 የሚባለው በጎኑ ስለሚታይ ወገቡ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል።

ጋዙ የት ሄደ? እዚህ ጋ ሰፌዱን አምጡት። ምስሩን ስታበጥሩት ገለባው በንፋስ ይሄዳል ፍሬው ሰፌዱ ላይ ይቀራል አይደል፣ ጋላክሲ በክላስተር (ብዙ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡበት መንጋ) ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ እዛ ያለው በአስር ሚሊዮን ዲግሪዎች የሚቆጠር ሙቀት ያለው ስስ ጋዝ ልክ እንደዚያ ንፋስ ይመታዋል፣ ያኔ የራሱ ጋዝ ተገፍቶ ይወጣል፣ ኮከቦቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አላን ድሬስለር በ1980 በፈረንጆቹ 55 ክላስተሮችን አይቶ ጋላክሲ በተጨናነቀበት ቦታ ኤስ ዜሮ እንደሚበዛ፣ ጠምዛዛው እንደሚያንስ አሳይቷል፣ ከዚህ ሀሳብ ጋር ይሄዳል። ግን በዚህ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ክላስተር ውስጥ የሌሉም ሌንቲኩላሮች አሉ፣ እነሱን ማን አበጠራቸው? ከሌላ ጋላክሲ ጋር ተጋጭተው ተዋህደው ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከውጪ የሚመጣላቸው ጋዝ ተቋርጦ የነበራቸውን ቀስ በቀስ ጨርሰው። እኔ መንገዱ አንድ ነው ብሎ ድርቅ የሚል ሰው አላምንም።

ለምሳሌ ኤንጂሲ 3115ን ውሰዱ፣ ክላስተር ውስጥ አይደለም ግን ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ 32 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ መሀሉ ላይ የፀሐይን ወደ 1 ቢሊዮን እጥፍ የሚመዝን ጥቁር ቀዳዳ አለ፣ ጋላክሲውን የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል ነው በ1787 በፈረንጆቹ ያገኘው። ለጅማ ሰው ደግሞ ቦታው አሪፍ ነው፣ በየካቲት እኩለ ሌሊት አካባቢ ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ ዝናቡም ገና አልጠናም። በዓይን አይታይም፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ጅሬን አካባቢ ወጥቶ (መብራት የጠፋ ቀን ከሆነማ እሰየው) ማየት ይቻላል። ፎቶ ላይ ያለውን ጠብቃችሁ እንዳትናደዱ፣ የምታዩት አጭር ደብዛዛ ጭረት ናት፣ በጎኗ የቆመች ምስር።

ችግሩ ፊቱን ወደኛ ያዞረው ነው፣ ክብ ብቻ ስለሚሆን ከሞላላ ጋላክሲ ለመለየት ባለሙያውም ይቸገራል። ኤም84 እና ኤም86 የሚባሉትን ጋላክሲዎች አንዱ ጽሑፍ ላይ ሞላላ ሌላው ጽሑፍ ላይ ሌንቲኩላር ተብለው ብታገኟቸው አትገረሙ።