የኩሽኔታ ቁጥር ምንድን ነው?

ያረጀ ማሽን ተፈቶ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ፣ ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት) አልቆ ሲገኝ የመጀመሪያው ጭንቀት "ይሄን ከየት አመጣለሁ?" የሚል ነው። ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቶ ይሆናል። ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው አያስፈልገንም። ኩሽኔታውን የሠራው ሌላ ድርጅት ነው፤ ልኩም እንደ ጫማ ቁጥር በየብራንዱ ያው ነው። የኤስኬኤፍ 6204 እና የኤንኤስኬ 6204 አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ።

ቁጥሩን እንፍታው። መጀመሪያ ያለው 6 ተራውን ባለ ብይ ኩሽኔታ ያመለክታል። መሐል ያለው 2 የድንዳኔው ደረጃ ነው። 04 የውስጥ ቀዳዳው ነው፤ በ5 ስናባዛው 20 ሚሊሜትር። ከ04 በታች ያሉት ግን በዚህ ሒሳብ አይሄዱም፤ 00 ሲሆን 10፣ 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17 ሚሊሜትር ነው።

6004፣ 6204 እና 6304 ሦስቱም ባለ 20 ሚሊ ዘንግ ላይ ይገባሉ። በመሐለኛው ቁጥር ስለሚለያዩ የውጭ ስፋታቸው ግን 42፣ 47 እና 52 ነው። ስለዚህ "የ20 ኩሽኔታ ስጠኝ" ማለት ዋጋ የለውም።

ከቁጥሩ ኋላ ያሉት ፊደሎችም ለጌጥ አልተጻፉም። ዜድዜድ በሁለት በኩል የቆርቆሮ መከለያ፣ 2አርኤስ ደግሞ የጎማ መከለያ አለው ማለት ነው። አቧራ ወይም ውሃ ባለበት እኔ ጎማውን እመርጣለሁ። ሲ3 ማለት ውስጡ ትንሽ ላላ ያለ ማለት ነው፤ ሲሞቅ እንዳይጨናነቅ ነው። የሚሞቅ ሞተር ላይ ሲ3 ከነበረ ሲ3 ይመለስ።

ቁጥሩ አልታይ ካለ የደረቀውን ግራሶ በናፍጣ አጥቡና የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ከፊት ለፊት ያልታየው ጽሑፍ ከጎን ሲበራበት ብቅ ይላል። ጭራሽ ከጠፋ ካሊፐር (ባለ መንጋጋ ልክ መለኪያ) አውጡና ለኩ፤ የውስጥ ቀዳዳ፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት።

አሮጌ ማሽን ጉድ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ካሊፐሩ 25.4 ካነበበ ልኩ በኢንች ነው። 6205 ደግሞ 25 ነው። "0.4 ሚሊ ምን አላት" ብሎ መዶሻ ማንሳት ወይም ዘንጉን መሞረድ ማሽኑን መግደል ነው። የውጭው 57.15፣ ውፍረቱ 15.875 ከሆነ የሚፈለገው አርኤልኤስ 8 ነው፤ ኤልጄ 1 ተብሎም ይሸጣል። የኢንች ኩሽኔታ ዛሬም ይመረታል።

ሶቪየት ሠራሽ ማሽን የራሱ የቁጥር ሥርዓት አለው። 204 ከተጻፈበት 6204 ነው፤ 180204 ደግሞ ባለ ጎማው 6204። እስከዚህ ቀላል ነው። 7205 ላይ ግን ተጠንቀቁ። በሶቪየቱ ሥርዓት ባለ ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ነው፤ ዛሬ 30205 የሚባለው። በዓለም አቀፉ አጠራር ግን 7205 ግፊት በሰያፍ የሚሸከም ባለ ብይ ኩሽኔታ ነው። የሁለቱም ቀዳዳ 25፣ የውጭ ስፋታቸው 52 ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ልኮች ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ይሸወዳል። ውስጡ ብይ ይሁን ሮለር በዓይናችሁ እዩ።

ትክክለኛውን አግኝታችሁም ልፋቱ ላያልቅ ይችላል። ከዘንጉ ጋር መጥበቅ ያለበት አዲስ ኩሽኔታ ያለምንም ግፊት በእጅ ሰተት ብሎ ከገባ ዘንጉ ተበልቷል ማለት ነው። አሮጌው ኩሽኔታ ሲጣበቅ ዘንጉ ውስጡ ሲዞር ኖሯል። ዘንጉን በፑንቶ (በመዶሻ በሚመታ ሹል ብረት) እየነቀሱ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ግን ብዙም አይቆይም፣ ኩሽኔታውም መሐል ላይ አይቀመጥም። ቶርኖ ቤት ወስዶ በብየዳ አስሞልቶ ወይም ቡሽ (የብረት እጀታ) አስገብቶ በልኩ ማስቆረጥ ይሻላል። ስትሄዱ አዲሱን ኩሽኔታ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው በእሱ ይለካው።