ማያሚ ቫይስ (የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ)

ማያሚ ቫይስ ከሴፕቴምበር 1984 ጀምሮ በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ 5 ሲዝን የሄደ የወንጀል ድራማ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቫይስ ሲባል ምክትል ማለት የሚመስለው ሰው አይጠፋም፣ እዚህ ጋ ግን ቁማር፣ ሴተኛ አዳሪነትና አደንዛዥ ዕፅ የሚከታተለው የፖሊስ ክፍል ነው። ሰኒ ክሮኬትና ሪካርዶ ተብስ የሚባሉ ሁለት መርማሪዎች ክሮኬት በርኔት፣ ተብስ ኩፐር በሚል የውሸት ስም የኮኬይን አዘዋዋሪዎች መሀል ይገባሉ። ክሮኬትን ዶን ጆንሰን፣ ተብስን ፊሊፕ ማይክል ቶማስ ናቸው የሰሩት።

ስለዚህ ድራማ ሲወራ ሁሌ ልብሱ ይቀድማል፣ ኮት በቲሸርት፣ ጫማ ያለ ካልሲ ምናምን። እሺ እሱም አለ፣ ግን ድራማውን ያቆመው የሁለቱ ጓደኝነት ነው። ፓይለቱ (የመጀመሪያው ክፍል) ላይ የክሮኬት የስራ ባልደረባ ኤዲ በተጠመደ ቦምብ ይሞታል፣ ተብስ ደሞ ወንድሙን የገደለውን ካልዴሮን የሚባል አዘዋዋሪ እያሳደደ፣ ያውም በሟች ወንድሙ ስም ራሱን እያስተዋወቀ፣ ከኒውዮርክ ይመጣል። መጀመሪያ ጭራሽ አይተማመኑም። ከዛ ያቺ የማታ ጉዞ አለች፤ የፊል ኮሊንስ ዘፈን ከስር እየሄደ፣ የመንገዱ መብራት ጥቁሯ መኪና ላይ እየተንሸራተተ፣ ተብስ ዝም ብሎ መሳሪያውን ያጎርሳል፣ ክሮኬት ደሞ በጉዞው መሀል ቆም ብሎ ከህዝብ ስልክ ወደ ተለያት ሚስቱ ይደውልና የነበረን ነገር እውነት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ተኩስ የለም፣ ወሬም የለም ማለት ይቻላል፣ ከዛ በፊት የፖሊስ ድራማ እንዲህ ዝም ሲል ብዙም አልታየም።

ሀሳቡ ከየት መጣ የሚለው ያከራክራል። የጣቢያው ሃላፊ ብራንደን ታርቲኮፍ የሙዚቃ ክሊፕ የሚመስል የፖሊስ ድራማ ይሰራ ብሎ ወረቀት ላይ ጫር አደረገ የሚለው ወሬ የታወቀ ነው። ፈጣሪው አንቶኒ ዬርኮቪች ግን ፖሊስ ከወንጀለኛ የወረሰውን ንብረት ለስራ መጠቀም እንደሚችል ካነበብኩ በኋላ ነው ያሰብኩት ይላል፣ እኔም ወደሱ አደላለሁ፣ ምክንያቱም የመንግስት ደሞዝተኛ ፌራሪ የሚነዳበትና ጀልባ ላይ ኤልቪስ ከሚባል አዞ ጋር የሚኖርበት ነገር በሌላ መንገድ አይገባም። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዋ ፌራሪ እውነተኛ አልነበረችም፣ ኮርቬት በሚባል ሌላ መኪና ሻንሲ ላይ የተሰራች ነች። ፌራሪ ኩባንያ በዚህ ስላልተደሰተ 3ኛው ሲዝን ሲጀምር መኪናዋ ፈንድታ በነጭ ፌራሪ ቴስታሮሳ ተተካች።

መልኩን ያወጣው ዋና ፕሮዲውሰሩ ማይክል ማን ነው፣ ቡኒና የአፈር ቀለም አላሳይም ብሎ ነበር። ቀረጻው እዛው ማያሚ ላይ ነበር፣ ያኔ ከተማዋ በ1980 በኩባው ማሪዬል ወደብ በኩል የገቡት 125,000 ገደማ ኩባውያንና የኮኬይን ግድያው ተደራርበውባት ስሟ ጠፍቶ ነበር። ሳውዝ ቢች ላይ ያሉት አሮጌ ህንጻዎች ድራማው ላይ ከታዩ በኋላ ቱሪስት ማጉረፋቸው የታወቀ ነው። የአንድ ክፍል ወጪ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር ይባላል።

የያን ሀመር መግቢያ ሙዚቃ በ1985 በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ላይ 1ኛ ወጥቷል፣ ግጥም የሌለው የቴሌቪዥን ሙዚቃ ነው ይሄ።

ስለ ሁለቱ አለቃ ስለ ካስቲዮ ሳላወራ አላልፍም። የመጀመሪያው አለቃ ሮድሪጌዝ ገና በ1ኛው ሲዝን መጀመሪያ ሲገደል ነው የመጣው። ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ነው የሰራው፤ ጥቁር ሱፍ፣ ቀጭን ክራቫት፣ ድምጹን አይጨምርም፣ ሲያናግሩት አይንም አያይም፣ ግን እሱ ክፍሉ ውስጥ ካለ ሌላ ሰው አይታይም። በ1985 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት የወሰደበት ሲሆን ማንም ይገባዋል አይገባውም ብሎ የሚከራከር አይመስለኝም። ጂና፣ ትሩዲ፣ ስዊቴክና ዚቶም የቡድኑ አባላት ናቸው፣ ዚቶ በ3ኛው ሲዝን ይሞታል።

እንግዳ ሆነው ከመጡት ውስጥ ገና ስማቸው ያልገነነ ብሩስ ዊሊስ፣ ጁሊያ ሮበርትስና ሊያም ኒሰን አሉ፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስም አንዴ ተውኗል።

በ3ኛው ሲዝን ዳላስ ከሚባለው የሌላ ጣቢያ ድራማ ጋር በአንድ ሰዓት ስለተደረገ ተመልካቹ ቀነሰ። 4ኛው ላይ ክሮኬት ሺና ኢስተን የምትሰራትን ዘፋኝ አገባ፣ ተገደለችበት፣ ከዛ ራሱን ረስቶ የምር በርኔት ነኝ ብሎ ለአዘዋዋሪዎች መስራት ጀመረ። ሰው ይሄን ይስቅበታል፣ ለኔ ግን አመታት የውሸት ስም ይዞ የኖረ ሰው አንድ ቀን እዛው ቢቀር ያን ያህል አይገርምም።

በሜይ 1989 በታየው መሰናበቻ ሁለቱ ባጃቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ችግሩ ጣቢያው ያልታዩ ክፍሎች ቀርተውት ስለነበር በሚቀጥለው ወር ተመልካቹ ሰዎቹን እንደገና ስራ ላይ አገኛቸው፣ የመጨረሻዋ ክፍል ደሞ በጃንዋሪ 1990 በሌላ የኬብል ጣቢያ ነው የወጣችው።