«ሕዝቡ መጀመሪያ ማመን አለበት»፦ ስለ ፖለቲካዊ አመኔታ የሚነገሩ ስህተቶች

የመራጮች ትምህርት ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ከየመድረኩ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ በጀማሪ ዴሞክራሲዎች ተቋማት የሚዳከሙት ሕዝቡ ስለማያምናቸው ነው፣ ስለዚህ ዜጋው መጠራጠሩን ትቶ መጀመሪያ ይመን ይባላል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት አነስ አነስ ያሉትን ላንሳ፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አመኔታ ከቀነሰ ዴሞክራሲው ከሽፏል» የሚለው ስህተት ነው። በለውጥ ማግስት ተስፋው ከልክ በላይ ስለሚያብጥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርገቡ የሚጠበቅ ነው።

«አመኔታ ከፍ ያለበት አገር ጤናማ ነው» የሚለውም እንዲሁ። መንግሥትን መተቸት በሚያሳስርበት አገር ለመጠይቅ «አምናለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው የሚነግረን ስለ ፍርሃቱ ሊሆን ይችላል።

«ተቋማቱ ባይታመኑም የሚታመን መሪ ከተገኘ ይበቃል» ለሚሉ ቱኒዚያ ትበቃለች። በፓርላማው ንትርክና በኑሮ ውድነት የተማረረው ሕዝብ በ2019 ፓርቲ ያልነበራቸውን የሕግ መምህር ካይስ ሰይድን በሰፊ ልዩነት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ እርሳቸውም ሐምሌ 25 ቀን 2021 ፓርላማውን ሲያግዱ ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። በታኅሣሥ 2022 ለአዲሱ ፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ግን ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው የተሰጠ አመኔታ ለተቋም አልተረፈም።

አሁን ወደ ዋናው። በአንድ ሥልጠና ላይ አንድ ወጣት «ቆጠራው አልቆ በር ላይ የሚለጠፈውን የውጤት ወረቀት ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አጠገቡ የነበሩ ጎልማሳ «አንተ ደግሞ ገና ሳይጀመር ትጠረጥራለህ» ብለው ገሠጹት፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። በዕድር ስብሰባ «ደረሰኙን አሳየን» ያለውን አባል ዕድር አፍራሽ የሚለው የለም፤ ምርጫ ላይ ሲሆን ግን ያው ጥያቄ ነውር ይሆናል።

ኬንያን እንመልከት። በታኅሣሥ 2007 የተካሄደው ምርጫ ውጤት በችኮላ ከታወጀ በኋላ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሳሙኤል ኪቩይቱ ራሳቸው፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በተከተለው ሁከት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። በኋላም በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ክሪግለር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን እውነተኛውን አሸናፊ ማወቅ አይቻልም ሲል ደመደመ። እንግዲህ በዚህ ምርጫ ላይ ሕዝቡ ቢያምን ኖሮ የሚያምነው ምኑን ነበር?

በ2017ቱ ምርጫ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑን ሰርቨሩን፣ ማለትም ውጤቱ የተከማቸበትን ኮምፒውተር፣ ለምርመራ እንዲከፍት አዘዘ፤ ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሚገባ አልፈጸመም፤ ፍርድ ቤቱም የፕሬዚዳንቱን ምርጫ 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሰረዘው። በድጋሚ ምርጫው የተቃዋሚው ዕጩ ራይላ ኦዲንጋ ስላልተሳተፉበት ነገሩ በዚያ አልተፈወሰም። በ2022 ግን ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ ከሚሆኑ የምርጫ ጣቢያዎች የመጡትን ቅጽ 34ኤ የተባሉ፣ በጣቢያው ኃላፊና በዕጩ ወኪሎች የሚፈረሙ የውጤት ቅጾች፣ ማንም ከፍቶ እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ አስቀመጣቸው። መገናኛ ብዙኃንም ተማሪውም ቁጭ ብሎ ደመረ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው ቢወጡም፣ ፍርድ ቤቱ መስከረም 5 ቀን በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸና፤ የተሸነፉት ኦዲንጋም በውሳኔው እንደማይስማሙ፣ ነገር ግን እንደሚያከብሩት ተናገሩ። የ2007ቱ ዓይነት እልቂት አልተደገመም። ይህን ያመጣው «እመኑ» የሚል ስብከት አይመስለኝም፤ በየጣቢያው የተፈረመው ወረቀት ለተጠራጣሪው ሁሉ ስለቀረበለት ነው።

ይህ ማለት ኬንያውያን መንግሥታቸውን በሁሉም ነገር አመኑ ማለት አይደለም። በሰኔ 2024 በግብር ጭማሪ የተቆጡ ወጣቶች ፓርላማው ድረስ ዘልቀው ገብተዋል። የቆጠራ አመኔታ ሌላ፣ የግብር አመኔታ ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሕዝቡ ያምናል ወይስ አያምንም» ብሎ መጠየቅ ራሱ የሰነፍ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሥልጠና የምትሰጡ ባልደረቦቼ፣ ስለ አመኔታ አስፈላጊነት የምታወሩበትን ሰዓት ቀንሱና ሰልጣኙ የውጤት ቅጽ አነባበብ እንዲለማመድ አድርጉ፤ የተመዘገበ መራጭ፣ የተሰጠ ድምፅና የተበላሸ ድምፅ የሚሞላባቸውን ቦታዎች አሳዩት፤ ድምሩን ራሱ ይሥራው። በእኛም አገር ሕጉ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው እንዲለጠፍ ያዛል። መራጩም ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ቆጠራው ሲያልቅ ተመልሶ የተለጠፈውን ያንብብ፤ ቁጥሩን በማስታወሻው ይያዝ፤ ከላይ የሚታወጀውንም ከያዘው ጋር ያስተያይ።