ባለ ሁለት ሞተር የሪሞት መኪና፦ ሁለተኛው ሞተር ፍጥነት ይጨምራል ወይ?

ባለ ሁለት ሞተር የሚባለው ጎማውን የሚያሽከረክሩ ሁለት ሞተሮች ያሉት የሪሞት መኪና ነው፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ አይቆጠርም። ባሕር ዳር ልጆች ሞተሩን ዳይናሞ ነው የሚሉት፣ ሁሌም የሚጠይቁት ደሞ "አንድ ዳይናሞ ብጨምርበት ይፈጥናል?" ብለው ነው። በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ስላላገኘሁ እኔው አዘጋጀሁት። ጉልበት በደንብ ይጨምራል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ ግን ማርሹና ባትሪው ካልተነኩ ብዙም አይለወጥም።

የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያ የሪሞት መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ሞተርን ዝነኛ ያደረገው ግን በ1987 የመጣው ክሎድ በስተር ነው፣ እሱ በ1/10 ልክ የተሰራ ጎማው ግዙፍ የሆነ ፒካፕ ሲሆን 540 የሚባለው ሞተር አንዱ ፊት አክስል ላይ አንዱ ኋላ አክስል ላይ ከነማርሹ ተቀምጦ፣ መሃል ላይ የሚያገናኝ ዘንግ ሳያስፈልገው አራቱንም ጎማ ይነዳል፣ አራቱም ጎማ ደሞ ይታጠፋል። ይሄ ሁሉ ለመውጣትና ለመጎተት ነው፣ ለሩጫ የተሰራ አይደለም። ቀጥሎ ትራክሳስ የሚባለው ኩባንያ ኢ-ማክስ በሚለው መኪናው ሁለቱን ሞተር አንድ ማርሽ ላይ አሰራቸው፣ ብረሽለስ የሚባለው ብሩሽ የሌለው ሞተር ሲመጣ ያው መኪና በአንድ ሞተር ወጣ።

የሞተር ዙር በዋናነት የሚወሰነው በሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። ሁለት እኩል ሞተር በፓራለል፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው ከባትሪው ጋር፣ ሲታሰር ሁለቱም በዚያው ዙር ይዞራሉ። ሁለት በሬ ስለጠመድክ ከአንዱ በሬ እርምጃ በላይ አይሮጡም፣ ማረሻው ግን ጠለቅ ይላል። ጭነት በዝቶበት ዙሩ የወረደ ሞተር ከሆነ ግን ሁለተኛው ስለሚያግዘው ትንሽ ፍጥነት ይገኛል፣ አነሳሱ ላይማ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አንድ እሁድ ጠዋት ጣና ዳር አስፋልቱ ላይ ይዘነው የወጣነው ባለ ሁለት ሞተር ከድሮው ባሰበት። ስንገለብጠው ሽቦው ከአንዱ ሞተር ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገብቷል፣ ሲሪስ ነው፣ 7.4 ቮልቱ ለሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 3.7 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ያወቀው የፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ ልጅ ነው። ፖሊ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እጅ ሲያስፈታ የኖረ ቤት ነው፣ እዚያ ያለፈ ሰው ከሁሉ በፊት ሽቦውን ያያል። በፓራለል ስናስረው ከአሸዋው ውስጥ ብድግ ብሎ ወጣ፣ ትንሽ እንደሮጠ ግን ሞተሩ ጣት አላስነካ አለ።

ፍጥነት ካስፈለገ በተገኘው ጉልበት ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ማርሽ ጥርሷ በበዛ ማርሽ መቀየር ነው። ያም ሆኖ የአየር ግፊያው ከባድ ስለሆነ ፓወር እጥፍ ቢሆን ፍጥነት የሚጨምረው ቢበዛ ወደ 26 በመቶ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ለሩጫው ጥሩ ነው፣ ሞተር ለማቀዝቀዝ ግን አይረዳም። ለሁለቱ ሞተር አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይበቃል አይበቃም የሚለው ያከራክራል፣ የሁለቱን ከረንት ድምር ከቻለ ይበቃል የሚሉት የሚያሳምኑ ይመስለኛል። ባትሪው ግን አያከራክርም፣ በአንድ ሞተር 20 ደቂቃ ያስኬድ የነበረው ሁለቱም በሙሉ ጉልበት ከሳቡት ወደ 10 ይወርዳል።